የእትዬ ጥቁር ሳጥን

የሰደበኝ የሚስቴ ወንድም ነው። ቦታው የራሱ መጋዘን፣ ቀኑ እሑድ፣ ሰዓቱ ከምሳ በኋላ፣ ባንዳችን ለልምምድ የተሰበሰበበት፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆይቶ ገና ማባራቱ ነበር። ጎሚስታው ከበሮው ሥር ጎንበስ ብሎ ቡሎን ያጠብቃል። ሚስቴ ጥርሱ ባለቀ የጭነት መኪና ጎማ ላይ ተቀምጣለች። «ይኼን ሁሉ እንዴት ታስታውሳለህ?» የሚሉኝ አሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ያለኝ እንዲህ ነው፦

«አማቼ፣ አንተ ሶፋ ሠሪ ነህ። ስፖንጅ ደግሞ ድምፅ ይውጣል እንጂ አያወጣም። አይፈረድብህም።»

ሳቁ። እዚያ ላይ ቢያቆም እኔም ከነሱ ጋር ፈገግ ብዬ ባለፍኩት። እሱ ግን ሰው ከሳቀለት ማቆም አይችልም። ጊታሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ዞር ዞር አለና፣

«እስቲ ዛሬ የዚህን ሰውዬ ቤዝ የሰማ እጁን ያውጣ!» አለ።

ማንም አላወጣም። ጎሚስታው ቡሎኑ ላይ አቀረቀረ። ዘፋኛችን ጉሮሮውን ጠራረገ። እኔ ሚስቴን አየኋት። እጇ ጉልበቷ ላይ ነበር፤ እዚያው ቀረ። ኋላማ በሻርፗ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ስትስቅ እንደዚያ ነው የምታደርገው።

ማታ ቤት ስንገባ «ቀልድ ነው እኮ፣ ምን አስከፋህ?» አለችኝ። ቀልድ የሚባለው የተቀለደበትም ሰው ሲስቅ ነው።

ለነገሩ እኛ አራታችን ሙዚቃ አያበላንም። የሚስቴ ወንድም የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ጊታር ይጫወታል። ጎሚስታው ሳምንቱን ሙሉ ጎማ ሲደበድብ ከርሞ እሑድ ከበሮ ይደበድባል። ዘፋኛችን ዳቦ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ነው። እኔ ቤዝ ጊታር ነኝ። እሑድ እሑድ ከሱቁ ጀርባ ባለው መጋዘን፣ በራዲያተርና በአሮጌ የመኪና በሮች መሃል እንሰበሰባለን። የሚስቴ ወንድም አምፕሊፋየር ፍሪጅ ያህላል። ሲያበራው ቆርቆሮው ይነዝራል። እኔ የምሰካው የቤታችን ቴፕ ላይ ነው፣ ሚስቴ ጠዋት ጠዋት ዜና የምትሰማበት ላይ። ቤዝ ጊታር በቴፕ ስፒከር ሲወጣ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው፣ ዝሆን በቁልፍ ቀዳዳ ሹልክ በል ሲባል ማለት ነው።

ቤዝ በሶፋ ውስጥ እንዳለ ሞላ ነው። ማንም አያየውም፣ ማንም አያመሰግነውም። ሞላው የሌለ ቀን ግን የሁሉም ቂጥ ወለል ይነካል። ይኼን ለሚስቴ ወንድም ብነግረው ምን እንደሚለኝ ስለማውቅ ነግሬው አላውቅም።

በዚያው እሑድ፣ ስድቡ ገና ሳይቀዘቅዝ፣ ዋናውን ነገር አመጣው።

«ስማ አማቼ፣ ልጄን ልድር ነው። ሠርጉ ላይ ራሳችን እንጫወታለን ብያለሁ፤ እንግዶቼን ግን በዝንብ ድምፅ አላስተናግድም። መድኃኒት ቤት ያለው ልጅ ኦርጋን ገዝቷል። ቤዙን በግራ እጁ ይጨርሰዋል። ወይ አንተ የራስህን አምፕሊፋየር ይዘህ ትመጣለህ፣ ወይ እሱን እጠራዋለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«ከሠርጉ በፊት ያለው እሑድ። ከዚያ ወዲያ ልምምድ የለም።»

ሙሽራይቱ የሚስቴ ወንድም ልጅ ትሁን እንጂ እኔም ያሳደግኳት ናት። ልጅ ሆና እኛ ቤት ስትውል ጊታሬን ሳይሰካ ስጫወት እንጨቱ ላይ ጆሮዋን ትለጥፍና «አጎቴ፣ ውስጡ ድመት አለ» ትለኝ ነበር። የኔን ቤዝ ጆሮ ሰጥቶ የሰማ ሰው ቢኖር እሷ ናት። በሷ ሠርግ ላይ ከእንግዳ ተርታ ተቀምጬ የመድኃኒት ሻጩን ግራ እጅ ላጨበጭብለት ነው? ከዚያ ሞት ይሻላል አልኩ። ሞትም ቢሆን አምፕሊፋየር ከመግዛት ይረክሳል።

ስለ ሙዚቃ ስሰደብ የመጀመሪያዬ አይደለም። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ የሙዚቃ አስተማሪያችን፣ ግራጫ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ጣቶቼን ይዞ አገላብጦ አየና «ይኼ ለጆንያ ማንሻ የተፈጠረ ነው» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። በዚያው ዓመት አጎቴ ከትምህርት ቤት አውጥቶ ሶፋ ቤት ሲያስገባኝ፣ በገዛ እጄ ከጣውላ ሠርቼ ክር የወጠርኩባትን ጊታር አይቶ «ክር ለመስፊያ ነው፣ አንተ ከንቱ» ብሎ ክሩን መጋረጃ ማሰሪያ አደረገው። ሁለቱም ሞተዋል። ይቅር አላልኳቸውም፤ እነሱም አልጠየቁኝም።

ይኼን ቤዝ ጊታር የገዛሁት አንገቱ ተሰብሮ ነው። ጤነኛውን የመግዛት አቅም ቢኖረኝ የተሰበረ ምን ያደርግልኛል? የቸገረው እርጉዝ ያገባል። በሶፋ ማስቲሽ አጣበቅኩት፣ ጠፍንጌ አሰርኩት፣ ያዘ። ክሩ ሲያረጅ አዲስ መግዛት የሀብታም ነው፤ እኔ በድስት እቀቅለዋለሁ። ላቡና እድፉ ይለቅና ድምፁ ለጥቂት ሳምንት ይመለሳል። ሚስቴ ክዳኑን ከፍታ ታይና «ሥጋውስ የታለ? መረቅ ብቻ ነው?» ትላለች።

አምፕሊፋየር ግን አይቀቀልም። የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ገባሁ። «በእጅ መንካት ክልክል ነው» የሚል ተለጥፏል። ሻጩ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና፣

«ለማን ነው ጋሼ? ለልጅህ?»

«ለራሴ።»

«ለራስህ?» አለና ወደ ጓደኛው ዞሮ ፈገግ አለ። ዋጋውን ሲነግረኝ የዓመት የቤት ኪራዬን የጠራልኝ መሰለኝ። «ያገለገለ የለም?» ስለው «ጋሼ፣ እኛ አሮጌ አንሸጥም፤ ቆሻሻ የምትፈልግ ከሆነ ገበያው ከታች ነው» አለኝ። ቀይ ሹራብ ነው የለበሰው። ባየው አውቀዋለሁ።

እትዬን ያገኘኋቸው ተስፋ ልቆርጥ ስል ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ናቸው። የሶፋቸው ጨርቅ ተቀዶ ሞላው እንግዳ መውጋት ስለጀመረ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጥተው ጠሩኝ። ልለካ ሄድኩ። ሜትሬን ዘርግቼ ቀና ስል ጥግ ላይ አየኋት።

ጥቁር ሳጥን። ቁመቷ ወገቤ ድረስ ይደርሳል። ማዕዘኖቿ ብረት ለብሰዋል፤ ፊቷ እንደ ወንፊት ያለ፣ ድምፅ የሚያሳልፍ ጨርቅ ነው፤ ከጎኗ የጊታር ገመድ የሚገባባት የጃክ መሰኪያ አላት። ላይዋ ላይ ዳንቴል ተነጥፎ የላስቲክ አበባና የሟች ፎቶ ቆሟል። ሰውዬው በፎቶው ላይ መድረክ ላይ ሆኖ ጊታር ይዟል። ከኋላው ይቺው ሳጥን ትታያለች።

ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩና በጣቴ ዳሰስኳት። ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው የለኝም፤ ስለ ማልበስ ግን ማንም አይነግረኝም። ቆዳ መሳዩ ጨርቅ ማዕዘኑ ላይ ሳይጨማደድ ተወጥሯል። ማስቲሹ አንድ ቦታ እንኳ አልፈሰሰም። መጋጠሚያውን በጥፍሬ ብፈልገው አጣሁት። ለውጪዋ እንዲህ የተጨነቀ ሰው ውስጧን አይበድላትም አልኩ። ሶፋ እንዲያ ነው፤ ስፌቱ የተጣራ ሶፋ ሞላውም የተጣራ ነው። የሠላሳ ዓመት ሙያዬ የነገረኝ ይኼንን ነው።

አሁን ብልሃት ያስፈልጋል። አምፕሊፋየር ብዬ ስሟን ከጠራሁ ዋጋዋን ያውቁና ይሰቅሉብኛል። ስለዚህ ፊቴን ወደ ሶፋው እንዳዞርኩ፣ እንደ ዋዛ፣

«እትዬ፣ ገንዘቡን ይተዉት» አልኳቸው። «ጨርቁም ስፖንጁም ከኔ ይሁን። ያቺን ጥግ ላይ ያለችውን ሳጥን ቢሰጡኝ ይበቃኛል።»

«የትኛዋን? ይቺን?» አሉ። «ምን ትሠራልሃለች የኔ ልጅ?»

«አልብሼ መቀመጫ ላደርጋት ነው።»

«ለዚህ ሁሉ ሶፋ? ኧረ ግፍ ነው! እሷ እኮ—»

«ግድ የለም እትዬ» ብዬ ከአፋቸው ነጠቅኩ። ሐሳባቸውን እንዳይቀይሩ ፈራሁ። «ሰው ለሰው ነው።»

«እግዜር ይስጥህ» አሉና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እኔስ አቧራዋን መጥረግ ሰልችቶኝ ነበር።»

ትንሽ ላንቀሳቅሳት፣ ጀርባዋን ልያት ብዬ አስቤ ነበር። ግን የሟች ፎቶ ላይዋ ላይ ቆሞ እንዴት «ይነሳልኝ» ይባላል? ደግሞስ በጣም ከተጠጋሁ አይጠረጥሩኝም? ተውኩት። «ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ» ይባላል፤ ያን ቀን ብልጡ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር። መንገዱን ሁሉ እያፏጨሁ ሄድኩ።

ሥራው ላይ ስገባ ነው ነገሩ የመጣው። ስድስት መቀመጫ ያለው ሶፋ በወሬ አይለብስም። ከብዙ ዓመታት በፊት ስንጋባ ለሚስቴ ሶፋ እሠራልሻለሁ ብያት ነበር፤ ጨርቁንም ገዝቼ፣ ጠቅልዬ አልጋ ሥር አስቀምጬላታለሁ። ወይን ጠጅ ቀለም፣ ወፍራም፣ ሲዳስሱት ፀጉሩ የሚተኛ። እንግዳ ሲመጣ እያወጣች ታሳያለች፤ «ይኼ የኔ ሶፋ ነው» ትላለች፣ ጥቅሉን። እሱን ወሰድኩት። ሌላ ከየት አባቴ አመጣለሁ?

ስፖንጁ ደግሞ ጎደለኝ። ፍራሻችንን ተርትሬ ውስጡን አወጣሁና በምትኩ የሥራ ቦታዬን ቁርጥራጭ ጠቅጥቄ መልሼ ሰፋሁት። አሰፋፌን ማንም ባለሙያ ነኝ ባይ አይለየውም። ጀርባ ግን ይለያል። ሚስቴ ጋደም ባለች በመጀመሪያው ቀን ተነስታ ተቀመጠች።

«አንተ ሰው፣ እዚህ ውስጥ ድንች ነው የከተትከው?»

«አርጅቶ ነው።»

«ፍራሽ ሲያረጅ ይሳሳል እንጂ ድንች ያወጣል እንዴ?» ጎንበስ ብላ አልጋው ሥር እጇን ሰደደች። ጥቅሉን አላገኘችውም። ረዘም ላለ ጊዜ እጇን እዚያው ባዶው ቦታ ላይ አኖረችው። የምትጮህ መስሎኝ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። የወንድሟን ሥራ፣ የዚያችን የእሑድ ሳቋን፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል ልደረድርላት። እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ያዘጋጀሁት መልስ እስካሁን ሆዴ ውስጥ አለ።

ሶፋውን ጨረስኩ። እትዬ በእጃቸው እየዳሰሱ «ይኼ እኮ የሙሽራ ቤት ነው» አሉ። አበባውንና ፎቶውን አነሱልኝ፣ ሳጥኗን ጋሪ ላይ ጫንኩ። ከበደችኝ። ክብደቷ ደስ አሰኘኝ፤ ዕቃ ማለት ከባድ ነው አልኩ። ሽቅቡን ስገፋ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ እኔ ግን ሠርጉ ላይ ስጫወት ይታየኝ ነበር። የመጀመሪያውን ድምፅ ስሰነዝር የሚስቴ ወንድም ዘወር ሲል። ሌላ ምንም አልፈለግኩም፤ ዘወር እንዲል ብቻ።

ሥራ ቦታዬ በሩን ዘግቼ ጃኩን ሰካሁ። የኤሌክትሪክ ገመዷን ብፈልግ የለም። ተቆርጦ ይሆናል፣ ከውስጥ አወጣዋለሁ ብዬ ካቻቪቴ ይዤ ጀርባዋን ፈታሁ።

ሁለት ከረጢት አሸዋ።

ሌላ ምንም የለም። ስፒከር የለም፣ ሽቦ የለም። ከፊት ጨርቁ በስተጀርባ ባዶ ጣውላ ነው። የጃክ መሰኪያዋ ከውጪ ብረት፣ ከውስጥ ቀዳዳ ናት። ጭንቅላቴን አስገብቼ አየሁ፤ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ ሁለቴ ያያል። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። የትም አልሄድኩ፣ ማንንም አልተሳደብኩ። ከሰል ቢሆን ይሞቃል፣ እንጨት ቢሆን ይነዳል፤ አሸዋ ምን ይደረጋል?

ተነስቼ እትዬ ጋ ሄድኩ። አዲሱ ሶፋቸው ላይ፣ የሚስቴ ጨርቅ ላይ፣ ተቀምጠው ነበር።

«እትዬ፣ ሳጥኗ ባዶ ናት።»

«አዎ» አሉ፣ ግራ ገብቷቸው። «ባዶ ካልሆነችማ እንዴት መቀመጫ ትሆንልሃለች?»

እሳቸው ሰሚ ያገኙ መስሏቸው ቀጠሉ።

«እሱ ነፍሱን ይማረውና፣ የባንድ ሰዎች ደሃ እንዳይመስሉ መድረክ ላይ እንዲህ ያለ ሳጥን ይደረድሩ ነበር። እውነተኛው አንድ ነው፤ እሱንም በኪራይ። የቀረው ለዓይን ነው። ንፋስ እየጣለ ሲያሳፍራቸው ጊዜ አሸዋ ጨመረባት። ሊገዛ ሲመኝ፣ ሊገዛ ሲመኝ ሞተ እንጂ የራሱ ኖሮት አያውቅም። ልብሷን ያለበስኳት እኔ ነኝ፤ አላማረችም?»

«አምራለች» አልኩ።

«ልነግርህ ስል እኮ ግድ የለም ብለህ አስቆምከኝ። ፊትህ ምነው? አሞሃል እንዴ? ውሃ ላምጣልህ?»

ምን እላለሁ? መቀመጫ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። የሚስቴ ወንድም ባይሰድበኝ ኖሮ እዚያ ቤት እንዲያ አልዋሽም ነበር፤ ስለዚህ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ይኼን ግን ለእትዬ ማስረዳት አይቻልም። ውሃውን ጠጥቼ ወጣሁ።

እሑዱ ደረሰ። ጠዋት ሚስቴ ገበያ ስትሄድ ቴፑን ከመደርደሪያው አወረድኩት። ሽፋኑን ገፍፌ፣ ስፒከሩንና የሆድ ዕቃውን ሁሉ ሳጥኗ ውስጥ፣ ከፊት ጨርቁ ጀርባ አሰርኩት። የጃኩን ገመድ በቀዳዳዋ አሳለፍኩ፣ የመብራቱን ገመድ ከሥር አወጣሁ። አንዱን ከረጢት አሸዋ ተውኩት፣ እንዳትቀል። ያው የዝንብ ድምፅ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ቢያንስ ባዶ እጄን አልታይም፤ ምናልባት ትልቅ ሳጥን ውስጥ ሲሆን ድምፁ ይወፍር ይሆናል አልኩ። ጭንቅ ውስጥ ያለ ሰው ምን የማይለው አለ?

ጋሪውን ይዤ መጋዘኑ ስደርስ መድኃኒት ሻጩ ቀድሞኝ ደርሷል። ኦርጋኑን ጉልበቱ ላይ እንደ ሕፃን አቅፎ ተቀምጧል። ሚስቴም ከገበያ በዚያው መጥታ በሩ ጋ ቆማለች፤ ዘንቢሏን አላስቀመጠችም። የሚስቴ ወንድም ሳጥኗን ሲያይ አፉን ከፈተ።

«እንዴ! እንዴ! ይኼ ምንድን ነው አማቼ? ባንክ ዘረፍክ እንዴ?» ሊያነሳት ሞከረና ተንገዳገደ። «ኧረ ከባድ ነው! ጎሚስታው፣ ና እስቲ ያዝ! ዕቃ ነው ይኼ!»

ሚስቴ ሳጥኗን አየች፣ ከሥሯ የወጣውን የመብራት ገመድ አየች። ያ ገመድ መሃሉ በሰማያዊ ፕላስተር የተጠቀለለ ነው፤ የጠቀለለችው እሷ ናት። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ዓይኔን አሸሸሁ።

ጀመርን። የመጀመሪያው ዘፈን ሁለተኛው አዝማች ላይ ሳይደርስ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ቀጥሎ ከኋላዬ ትንሽ «ጥሽሽ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ምንም። ክሩ በጣቴ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ከሳጥኗ ግን ትንፋሽ የለም። የሚስቴ ዜና፣ የቤታችን የመጨረሻ ዕቃ፣ አሸዋው ላይ ሞተ።

ላቁም? ካቆምኩ መድኃኒት ሻጩ ግራ እጁን እያፍታታ ነው። አላቆምኩም። ጣቶቼን አንቀሳቀስኩ። አንድ ቦታ ሳልስት፣ አንዷን ሳልዘል፣ ዘፈኑን ጨረስኩት፤ ሁለተኛውን ጨረስኩት፤ ሦስተኛውንም። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። አሁን ይነቁብኛል፣ አሁን የሚስቴ ወንድም ያቆምና ይሳለቅብኛል እያልኩ የእያንዳንዷን የዜማ መዞሪያ መድረስ እንደ ፍርድ ጠበቅኩ። በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን አሳምሬ ተጫውቼ አላውቅም። እኔም ጭምር አልሰማሁትም።

ሦስተኛው ዘፈን አለቀ። የሚስቴ ወንድም ጊታሩን አውርዶ ወደኔ መጣ። መጣብኝ አልኩ። እሱ እጁን ሳጥኗ ላይ ጣል አደረገና፣

«እሰይ! እሰይ የኔ አማች! ዕቃ ማለት ይኼ ነው!» አለ። ደረቱን በጡጫው መታ። «እዚህ ጋ ነው የገባኝ። እዚህ! ጎሚስታው፣ ሰማኸው?»

«ኧረ ከበሮዬን ሳይቀር ሲያርገፈግፈው!» አለ ጎሚስታው።

«እኔም ዛሬ ዜማው ያልጠፋብኝ በሱ ነው» አለ ዘፋኙ። «የምይዘው አገኘሁ።»

የሚስቴን ወንድም ፊት መረመርኩት። ሲያሾፍ ግራ ዓይኑ ይጠባል፤ እሱን ፈለግኩ። አልጠበበም። ከልቡ ነው። ቢያሾፍብኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር፤ ለምጄዋለሁ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይዤ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ይኼኛውን የት ነው የምይዘው? ያኔም አልሰማኝም፣ ዛሬም አልሰማኝም። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ቴፑን ስወቅስ፣ ክር ስቀቅል፣ ድሃነቴን ስረግም የኖርኩት ለማን ጆሮ ኖሯል?

«መድኃኒት ቤቱ፣ አትቀየመን» አለው ወደዚያኛው ዞሮ። «ሠርጉ ላይ በእንግድነት ና፣ ብላ፣ ጠጣ። ቤዙ የአማቼ ነው፣ አለቀ!»

መድኃኒት ሻጩ ኦርጋኑን ወደ ቦርሳው መመለስ ጀመረ። ያን ቦታ ነበር የፈለግኩት። ይኸው ተሰጠኝ።

«ቆይ ቆይ፣ ሳትሄድ» አለ የሚስቴ ወንድም፣ ሰው ሲስቅለት እንደማያቆመው ሁሉ ደስ ሲለውም አያቆምም። «እስቲ ሁላችንም ዝም እንበልና ብቻውን ያሰማን። እህቴም ትስማው። በል አማቼ፣ አንዴ ድገምልን!»

ጎሚስታው ዱላዎቹን አስቀመጠ። ዘፋኙ ማይኩን አጠፋ። ፍሪጅ የሚያህለው አምፕሊፋየርም ጠፋ፤ መጋዘኑ ውስጥ የዝንብ ክንፍ የሚሰማ ሆነ። ሁሉም ሳጥኗን ያያሉ። እኔን ሳይሆን ሳጥኗን።

«ተወው ወንድም ጋሼ» አለች ሚስቴ ከበሩ። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር። «ደክሞታል።»

«ምን ያደክመዋል? ተቀምጦ የሚሠራ ሰው! በል እንጂ አማቼ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

ጣቴን ወፍራሙ ክር ላይ አኖርኩ። ልመታው ነበር፣ እውነቴን ነው። ከዚያ ጃኩን ነቀልኩ። ጊታሬን ትከሻዬ ላይ አደረግኩ። ገመዶቹን ተሻግሬ፣ በራዲያተሮቹ መሃል፣ በመድኃኒት ሻጩ ፊት፣ በሚስቴ አጠገብ አለፍኩ። ሳጥኗን እዚያው ተውኳት።

«ኧረ አማቼ! ወዴት ነው?» ይላል ከኋላዬ። «ምን አልኩህ? አመሰገንኩህ እኮ! ሰው ሲያመሰግኑት ይቀየማል እንዴ? አማቼ! አንተን እኮ ነው!»

ከሱቁ ወጥቼ መንገዱን ተሻገርኩ። የሚስቴ ዘንቢል ከኋላዬ ሲንሿሿ ይሰማኛል፤ ትንሽ ራቅ ብላ እየተከተለችኝ ነው። እሱ በሩ ላይ ቆሞ አሁንም ይጣራል። ጊታሬን ትከሻዬ ላይ አስተካክዬ መንገዴን ቀጠልኩ።